ቅባቱን ሳልናገር የቀረሁበት እሑድ

መጀመሪያ ሁለት ፍሬ ነበረች። ከአፌ ጥግ በግራ በኩል፣ ቀይ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል። ብጉር ናት ብዬ ናቅኋት። በሳምንቱ ከአፌ ዙሪያ እስከ አፍንጫዬ ሥር ተነጠፈች፤ አገጬም ላይ ወረደች። የሚገርመው ከንፈሬን አልነካችም። በከንፈሬና በሽፍታው መካከል ቀጭን ንጹሕ ቆዳ ቀርታለች፣ ሰው በእርሳስ ያሰመራት ይመስል። ያሳክካል ብል ውሸት ነው፤ ያቃጥላል እንጂ። ስስቅ ይወጠራል፣ አፌን ከፍቼ ስዘምር ይሰነጠቃል።

እኔ ደግሞ ዘማሪ ነኝ። እንጅባራ ባለችው ቸርቻችን፣ መዘምራን ሲቆሙ ከፊት መስመር ሆኜ ሶሎውን የምይዘው እኔ ነበርኩ። በሥራ ቀን ፎቶ ኮፒና ጉርድ ፎቶ ቤት እውላለሁ። ሰው ፊቱን ይዞ ይመጣና "እህቴ፣ እቺን ጠባሳ አጥፊልኝ እስቲ" ይለኛል፤ በኮምፒውተር ጠረግ አድርጌ እሰጠዋለሁ። የእኔን ማን ይጥረግልኝ! ያን ሰሞን የመጣው ሁሉ ዓይኑ አፌ ላይ ነው። አንዱ በእኔ ዕድሜ ያለ የቢሮ ሠራተኛ፣ ለመታወቂያ ሊነሳ መጥቶ፣ "ይሄ ነገር ይተላለፋል እንዴ?" ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ደሜ ፈላ። "አዎ፣ ትክ ብሎ ላየው ሰው ይተላለፋል፤ ዞር በል" አልኩት። እሱ ሳቀ። እኔ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

እናቴ ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ወዲያ ገጠር ነው የምትኖረው። ሰው ነግሯት ኖሮ መጣች፤ ገና ከበሩ ላይ አይታኝ "ምች ነው!" አለች። ምች ማለት በእሷ ቤት፣ እጄ ምግብ ምግብ እየሸተተ፣ ፊቴን ሳላደርቅ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ወጥቼ የመታኝ ነገር ነው። ከጓሮዋ የቆረጠችውን ዳማከሴ በመዳፏ አሽታ፣ ጭማቂውን አፌ ዙሪያ ደፈደፈችው፤ እያሸች በአገውኛ ታነበንባለች። ዳማከሴ ሽታው ደስ ይላል፤ ለጉንፋን ቢሆን እሰየው ነበር። የእኔን ፊት ግን ለበለበው። "እማ፣ ተይ በቃ፣ አቃጠለኝ!" ስላት፣ "ሲያቃጥል ነው የሚወጣው" አለችኝ። ከዚያ ወጣ ስትል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ጴንጤ የሆንኩ ጊዜ ነው ነገሬ የተበላሸው አለች።

ከዚያ ወዲያ ያልቀባሁት ነገር ቢኖር የጫማ ቀለም ነው። ሎሚ፣ የእንቁላል አስኳል፣ ማር፣ ለብርዱ ብዬ ደግሞ ጠዋት ማታ ቫዝሊን። የእንጅባራ ብርድ ፊት ይልጣል፤ ሳትቀባ አትወጣም። አንዱን በተቀባሁ ቁጥር ሌላ ረድፍ ፍሬ ይወጣል። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው በጣቴ መዳሰስ ነበር፣ ቀንሶ እንደሆነ ብዬ። አንድም ቀን ቀንሶ አያውቅም።

ቸርች ሦስት እሑድ ተራ በተራ ጸለዩልኝ። ከሁሉም አጥብቀው የሚጸልዩልኝ አንዲት ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ እማማ ነው የምላቸው። ባላቸው ሞቶባቸው ድንች ቸርችረው የሚያድሩ ሴት ናቸው። ከገጠር መጥቼ ክፍል ስከራይ ብርድ ልብስ እንኳ አልነበረኝም፤ ከራሳቸው አልጋ ላይ ገፈው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እጄን ይዘው ቸርች የወሰዱኝም፣ የመጀመሪያውን መዝሙር ያስጠኑኝም እሳቸው። ጮክ ብለው አይጸልዩም። መዳፋቸውን አገጬ ላይ አድርገው፣ ሽፍታዬን ሳይጸየፉ፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት።

የእሳቸውም ፊት ደህና አልነበረም። ሁለቱ ጉንጫቸው ቀልቶ፣ መቅላቱ በአፍንጫቸው ድልድይ ላይ አልፎ ይገናኛል። ገበያ ውለው ፀሐይ ሲያገኛቸው ይብስባቸዋል። ጠዋት ጠዋት የጣታቸው አንጓ ያብጥና የድንች ማዳበሪያ መቋጠር ያቅታቸዋል፤ ትንሽ ሠርተው ይደክማሉ። ጤና ጣቢያ ሄደው ነበር። ያዩዋቸው ሰዎች ይህስ ከእኛ በላይ ነው ብለው፣ ባሕር ዳር ትልቁ ሆስፒታል ድረስ ሄደው እንዲመረመሩ ወረቀት ጻፉላቸው። ልጃቸው ዳንግላ ነው ያለችው፤ እሷ ልታደርሳቸው ቀኑ ተቆርጦ ነበር፣ ሰኞ።

ከዚያ ሰኞ በፊት በነበረው ማክሰኞ እኔ ፋርማሲ ገባሁ። ጋወን የለበሰችው ልጅ ፊቴን ገና ከሩቅ አይታ፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ ከመደርደሪያው ጣት የምታክል የቅባት ቲዩብ አወጣች። "ማታ ማታ ስስ አድርገሽ። በሦስት ቀን ታመሰግኚኛለሽ" አለችኝ። ሐኪም አላየኝም፣ ማዘዣ አልያዝኩም፣ እሷም አልጠየቀችኝ። ለማንም አልነገርኩም። ቅዳሜ ጠዋት መስተዋት ሳይ ፊቴ የሕፃን ፊት ሆኗል። አንድም ፍሬ የለም! ብቻዬን እልል አልኩ፤ አከራዬ ምን ሆነች ብላ በሩን አንኳኳች።

በእኛ ቸርች አንድ ልማድ አለ። ተጸልዮለት የዳነ ሰው ወጥቶ ይመሰክራል። ዝም ካለ ለጌታ የሚገባውን ክብር ደበቀ ይባላል። ምስክርነቱም መልክ አለው፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስንት ጊዜ እንደታመምክ ትናገራለህ፣ የት የት እንደዞርክ ትናገራለህ፣ ከዚያ ጌታ እንደዳሰሰህ። ጉባኤው ብድግ የሚልባት ቦታ ግን አንዲት ናት፤ "ምንም መድኃኒት ሳልነካ" የምትለዋ። ዘማሪ ነኝና ሰው የት ላይ እንደሚነሳ ጠንቅቄ አውቃለሁ።

የዚያን እሑድ ፕሮግራም መሪው ገና ሲያየኝ፣ "ወገኖች፣ የእህታችንን ፊት ተመልከቱ!" አለና ማይኩን ሰጠኝ። ወጣሁ። እውነቱን ልናገር፣ ጌታ በመድኃኒት በኩል ረዳኝ ልል ነበር የወጣሁት። እንዲያ ብል ማንም አይቆጣኝም ነበር፤ መጋቢያችን ራሳቸው የደም ግፊት ኪኒን ይውጣሉ፣ ሐኪም ቤት አትሂዱ ብለው አያውቁም። ግን ሰዉ ገና ከአሁኑ አሜን አሜን ይላል፤ ሦስት ወር ሙሉ አፌን ሲሸሹ የነበሩ ዓይኖች ሁሉ በፍቅር ያዩኛል። "ብዙ ቦታ ዞርኩ" አልኩ፤ አሜን። "ብዙ አለቀስኩ" አልኩ፤ አሜን። ከዚያ ምላሴ የለመደችው ቦታ ደረሰች። "ምንም መድኃኒት ሳልነካ!" አልኩ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። አይ እኔ!

ፕሮግራሙ ሲያልቅ እማማ ሰዉን እየገፉ መጡ። አቅፈው ሁለት ጉንጬን፣ ከዚያ አገጬን ሳሙኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ነገ ባሕር ዳር ልሄድ ነበር" አሉኝ። "ቀረሁ። ላንቺ ያደረገ ለእኔ ያንሰዋል? ወረቀቱንም ይኸው እዚሁ አስቀምጨዋለሁ" ብለው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን መታ መታ አደረጉት።

እዚያው ልነግራቸው እችል ነበር። በጆሯቸው፣ አንዲት ቃል ብቻ። ማንም አይሰማም ነበር፣ ሰዉ እርስ በርሱ እየተሳሳመ ነበር።

"አሜን፣ እማማ" አልኳቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ቲዩቧን ተውኳት። በአራተኛው ቀን ሽፍታው ከነቤተሰቡ ተመለሰ፤ ድሮ ያልነበረበት የዓይኔ ሥር ሳይቀር ወጣ። ደንግጬ መልሼ ቀባሁ፤ ጠፋ። ተውኩ፤ መጣ። እንዲህ እያልኩ አንድ ዓመት አለፈ። ፊቴ የእኔ መሆኑ ቀርቶ የጉባኤው ሆኗል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር "እሷን አያችኋት? አፏ ዙሪያ..." እያሉ ይጠቁሙብኛል። ታዲያ በየትኛው ዓይኔ ነው ሽፍታ ይዤ መድረክ የምወጣው? ቲዩብ ሲያልቅ ሌላ እገዛለሁ፣ እንዳይነቃብኝ ከሌላ ፋርማሲ። ቆዳዬ ሳስቶ የደም ሥሬ ይታይ ጀመር። ውሃ ሲነካኝ ያቃጥለኛል፣ ንፋስ ሲነካኝ ያቃጥለኛል።

እማማ እሑድ እሑድ ይመጣሉ። ጉንጫቸው ከሳምንት ሳምንት ይቀላል። ሲያዩኝ ፈገግ ብለው ጣታቸውን ወደ ፊቴ ይቀስሩና "ተራዬን እየጠበቅሁ ነው" ይሉኛል። በየእሑዱ! አንድ ቀን እንኳ ቢቀሩ ብዬ ተመኝቻለሁ፤ አፈር ልብላና፣ እሳቸውን ላለማየት በኋላ በር የወጣሁበት ጊዜ አለ። ከዚያ እግራቸው ማበጥ ጀመረ። ድንቹን ተዉ። ልጃቸው መጥታ ዳንግላ ወሰደቻቸው። ሲሄዱ ወንበራቸው ባዶ ሲሆን እፎይ አልኩ፤ ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ባሕር ዳር የቆዳ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ቲዩቧ መሥራት ስታቆም ነው። እንጅባራም ሐኪም ነበረ፤ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ብዬ ነው ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት። ሐኪሟ ረጋ ያሉ ሴት ነበሩ። ፊቴን በመብራት አይተው ሌላ ነገር ሳይጠይቁኝ "ምን ተቀባሽ?" አሉኝ። ቲዩቧን ከቦርሳዬ አወጣሁላቸው። ቁጭ ብለው ተነፈሱ።

"ይሄን ሽፍታ በየቀኑ አየዋለሁ" አሉኝ። "ከአፍ ዙሪያ ወጥቶ ከንፈርን የሚተው። ምችም አይደለም፣ እርግማንም አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ገና ሲጀምር ቫዝሊኑንና ቅባት ቅባቱን ሁሉ ብትተዪው ምናልባት ራሱ ይለቅሽ ነበር። ይህቺ ቲዩብ ግን ለፊት የምትሆን አይደለችም። ስትቀቢያት ታስተኛዋለች፣ ስትተያት ብሶበት ይነሳል፣ ቆዳሽንም ታሳሳዋለች። ዓመት ሙሉ ስትቀልቢው ነው የኖርሽ።"

ማድረግ ያለብኝን ነገሩኝ። ሁሉንም ማቆም፤ ቲዩቧን፣ ቫዝሊኑን፣ ሜካፑን፣ ሽታ ያለውን ሳሙና። ፊቴን ለብ ባለ ውሃ ብቻ መታጠብ፣ አለማሸት። የጥርስ ሳሙናዬን መለወጥ። እርጉዝ አለመሆኔን ጠይቀው ለስድስት ሳምንት የሚዋጥ ኪኒን ጻፉልኝ። "መጀመሪያ ይብሳል" አሉኝ። "ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት እንደ እሳት ይነድሻል። ያኔ ጨክነሽ ቲዩቧን ካላነሳሽ ትድኛለሽ። ካነሳሽ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።"

ከወንበሩ ተነስቼ ነበር። በሩ ጋ ደርሼ ዞርኩ። "አንዲት የማውቃት ሴት አለች" አልኩ። "ሁለት ጉንጯ ይቀላል፣ አፍንጫዋንም ይዞ። ጣቶቿ ያብጣሉ። አሁን ደግሞ እግሯ።" ሐኪሟ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "የእሷ ካንቺ ጋር አይገናኝም" አሉኝ። "የእሷ ፊቷ ላይ ታየ እንጂ የቆዳ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ኩላሊት ድረስ የሚሄድ ዓይነት አለ። እግሯ አብጧል ነው ያልሽኝ? በቶሎ ትምጣ። ነገ ዛሬ እንዳትሉ።"

ከባሕር ዳር እንጅባራ የሚሄድ ሚኒባስ ዳንግላን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ሾፌሩ መናኸሪያው ጋ ቆሞ "ወራጅ አለ?" አለ። ጋሪዎቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ የእማማ ልጅ ቤት በጋሪ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ብወርድ ምን ልል ነው? ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ ብላቸው፣ ምክንያቱን ምን ብዬ? ማን ነገረሽ ሲሉኝስ? ከወንበሬ አልተነሳሁም። ሚኒባሱ ተነሳ። ስልክ መደወል እችል ነበር። ኔትወርክ የለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ኔትወርክ ነበረ። ሽፍታው ለቅቆኝ በደህና ፊት ሄጄ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ጉድ እኮ ነው፤ አሁንም የማስበው ስለ ፊቴ ነበር።

ሐኪሟ አልዋሹም። በሦስተኛው ቀን ፊቴ ነደደ። አብጦ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ ከአገጬ እስከ ዓይኔ ሥር ቀይ ሥጋ መሰለ። ፎቶ ቤቱ አልሄድኩም። መዘምራኑ በማስክ ተሸፍኜ ደጅ ስወጣ አይተውኝ መጡ፤ "ጠላት ፈውስሽን ሊሰርቅ ነው" ብለው ዙሪያዬን ከበው ጸለዩ። እንዴት ያሉ ደግ ልጆች ናቸው! እያንዳንዷ ቃላቸው ታሳፍረኛለች። ሲሄዱ ቲዩቧን ከመሳቢያ አውጥቼ ክዳኗን ከፈትኳት። ሽንት ቤት ወርውሬያት ተመለስኩና ለምን ጣልኳት ብዬ ደግሞ አለቀስኩ። ቀኑን የምቆጥረው በፊቴ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል፣ ዛሬ መልሶታል፣ ዛሬ አገጬ ጋ ሁለት ፍሬ ደርቋል።

በስድስተኛው ሳምንት ፊቴ መጥራት ጀመረ። በዚያው ሳምንት ከዳንግላ ስልክ ተደወለ፣ የእማማ ልጅ ናት። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ሆስፒታል ወስደዋቸው ነበር። ኩላሊታቸው ተጎድቷል፣ ዘግይታችኋል ብለው ወደ ቤት መልሰዋቸዋል። "አንቺን ትጠራለች" አለችኝ።

ያን ቀን ዳንግላ ወረድኩ። ጋሪው ጭቃ ውስጥ ሲንገጫገጭ የምለውን ደጋግሜ አጠናሁት፣ መዝሙር እንደማጠና። ቤቱ ስገባ ከመስኮቱ ሥር ተኝተዋል። ፊታቸው አብጦ ዓይናቸው ጠቧል፤ ጉንጫቸው ላይ ያ መቅላት እንዳለ ነው። ልጃቸው ወንበር አቀረበችልኝና እሷም ከእግራቸው በኩል ተቀመጠች።

"ነጠላሽን ግለጪ እስቲ፣ ልይሽ" አሉኝ።

ገለጥኩ። እጃቸውን እንደምንም አንስተው አገጬን ዳሰሱ። "ይኸው፣ ጥርት ብሏል" አሉ። "እስቲ ያን ምስክርነትሽን ንገሪኝ። ስሰማው ደስ ይለኛል።"

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። "እማማ፣ ዋሽቻለሁ" አልኩ። "ያኔ ቅባት ተቀብቼ ነበር። ከፋርማሲ ገዝቼ። ደብቄያችሁ ነው።"

ልጃቸው ቀና አለች። ያልሰሙኝ መስሎኝ ልደግመው ስል እማማ ተናገሩ።

"ቅባት ነበር?"

"አዎ።"

"በስንት ቀን ነበር የለቀቀሽ?"

"በአራት ቀን።"

ይቆጡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ይርገሙኝ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ይቅር ይሉኛል ብዬም፣ እንደ ሌባ፣ በልቤ አንድ ጥግ ተስፋ አድርጌ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ልጅ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ።

"ታዲያ ልጄ" አሉኝ፣ "ለእኔስ ትንሽ ብትሰጪኝ ምን ነበረበት?"

"የለም፣ የለም እማማ!" አልኩ። እጃቸውን ያዝኩ። ቅባቱ እንዳላዳነኝ፣ ጭራሽ ያሳመመኝ እሱ እንደሆነ፣ የእሳቸው በሽታ ሌላ እንደነበረ፣ የበደልኳቸው ቅባት በመንፈግ ሳይሆን ከባሕር ዳር በማስቀረቴ እንደሆነ፣ ሐኪሟ ያሉትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ቃሌ ይጣደፋል፣ እንባዬ ይቀድመኛል። እሳቸው የጠራውን ፊቴን ብቻ ያያሉ። ለዓይናቸው ማስረጃው እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የምለው ሁሉ የንፉግ ሰው ሰበብ ነው። እጃቸውን ከእጄ ቀስ ብለው አወጡ።

"እኔ ላንቺ ምን ነፍጌሽ አውቃለሁ?" አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ምንም ነፍገውኝ አያውቁም ነበር። ይቺኑ ቃል እንኳ ሳልመልስላቸው በሳምንቱ ቀበርናቸው።